ድንጋዩን አውጥተህ ና

የእህቴ ልጅ፣

ባለፈው ሳምንት በስልክ የላክህልኝን ፎቶ መነጽሬን ሁለት ጊዜ ጠርጌ አየሁት። አሥራ አንድ ሬዲዮ ከቴሌቪዥኑ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ እንደ ሚዜ ተሰልፈዋል፤ ሁሉም ተወልውለዋል፣ ሁሉም ያብረቀርቃሉ። ከሥሩ «ጋሼ፣ አሥራ አንድ ደረሱ!» ብለህ ጽፈሃል። ደውዬ የጠየቅሁህ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ስንቱ ይናገራል? ትንሽ ዝም አልክና «ሁለቱ» አልከኝ። ከሁለቱም አንዱ ጆሮ ካላስጠጉት እንደማይሰማ ያወቅሁት ደግሞ ቆይቼ ነው።

«የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚባለው እንዲህ ዓይነቱ ነው። አሥራ አንድ ሬዲዮ ባለበት ቤት ዜና የሚሰማው በስልክ ነው።

ቅር እንዳትሰኝ። እኔ ደሴ ፒያሳ፣ የበር ያህል ስፋት ባላት ሱቅ ውስጥ ሬዲዮ ስጠግን ዕድሜዬን የጨረስኩ ሰው ነኝ። በ1962 ዓ.ም. ተለማማጅ ሆኜ ስገባ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ስንት ሬዲዮ ከፍቼ እንደዘጋሁ አልቆጠርኩም። ከፍቼ መዝጋት ያቃተኝንም አልቆጠርኩም፤ እሱ ግን ዛሬም ይቆጨኛል። አንተ ፍቅሩን ይዘኸዋል፣ ይህ ጥሩ ነው። ፍቅሩ እጅህን እንዳያስቸኩልህ ነው የምፈራው። ብልህ በሰው ይማራል፣ ሞኝ በራሱ ይማራል ይላሉ፤ እኔ በራሴ ከተማርኩት ጥቂቱን ልንገርህ፣ አንተ በእኔ ተማር።

መጀመሪያ ግን ግዢውን አቁም። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም። ዝም ካሉት ዘጠኙ አንዱ ሳይናገር አሥራ ሁለተኛው ደጃፍህን አይርገጥ። ይህችን ብቻ ከያዝክልኝ የቀረውን ብትረሳውም አልቀየምህም።

ይህን ስልህ ደግሞ እንደማትታገሥ አውቃለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አሮጌ ዕቃ ገበያ፣ ምናለሽ ተራ፣ መሄድህን እናትህ ነግራኛለች። እንግዲያው ስትሄድ እያየህ ሂድ። ቆራሌው ከየቤቱ ሰብስቦ ያመጣው ሬዲዮ መሬት ላይ ከድስትና ከሽቦ ጋር ተነጥፎ ታገኘዋለህ። አብዛኛው አንተ ከመድረስህ በፊት ስፒከሩ ለማግኔቱ፣ ጥቅሉ ለመዳቡ ተነቅሏል። የጨው ክምር ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል። እዚያ ቆመህ ማልቀስ ግን አይጠቅምህም፤ ፊትህን የሚያነብ ነጋዴ አለ። አያያዙን አይቶ ጭብጦውን ቀማው እንደተባለው፣ ሬዲዮውን በሁለት እጅህ አቅፈህ ዋጋ ከጠየቅህ ያለቀልህ ያን ጊዜ ነው። መሬት ላይ እንዳለ ጠይቅ፣ ሌላ ዕቃም ጠይቅ፣ ከዚያ አንሣው።

ስታነሣው ፊቱን አትይ። ገልብጠህ የድንጋዩን፣ የባትሪውን ማለቴ ነው፣ ቤት ክፈት። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለው ተረት ለሬዲዮ ገዢ የተነገረ ይመስለኛል፤ ፊቱ ኒኬል የሆነ ሬዲዮ ሆዱ ውስጥ የፈሰሰ ድንጋይ ተሸክሞ ይገኛል። ሞላው አረንጓዴ ሆኖ ከተበላ፣ ፈሳሹ በሽቦው በኩል ወደ ቦርዱ ወጥቶ እንደሆነ በአፍንጫህ አሽትት፣ በዓይንህ ተከተለው። ቀጥለህ ወዝወዘው፤ ውስጡ ካንኳኳ ብዙ ጊዜ የተሰበረው ጥቁሩ የፌራይት ዘንግ ነው። እሱ አያስደንግጥህ፣ በሱፐር ግሉ ጥርስ ለጥርስ ከገጠመ ይሠራል። መዳቡ ከላዩ የተበጠሰ ከሆነ ግን ተወው።

ሌላ ሰው የማይነግርህን አንድ ነገር ልጨምር። ኤፍ ኤም ያለው የጃፓን ሬዲዮ ካገኘህ ቁጥሩን አንብብ። ለራሳቸው አገር ከሠሩት ብዙው ከ76 እስከ 90 ሜጋ ኸርዝ ድረስ ብቻ ነው የሚሄደው። አዲስ አበባ ላይ 97.1ም ሆነ 102.1 በዚያ ላይ አይገኙም። ሬዲዮው ጤነኛ ሆኖ ዝም ይልሃል፤ አንተ ደግሞ በሽታ ፍለጋ ስትከፍተው ትገድለዋለህ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር!

በቁጥርም አትታለል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ፋብሪካዎች በትራንዚስተር ብዛት ይፎካከሩ ነበር፤ ስድስት የሚበቃው ሬዲዮ ላይ አሥርና አሥራ አራት ተብሎ ይጻፋል። ከፍተህ ስታየው የተረፉት ወይ ምንም ሥራ የላቸውም ወይ እንደ ዳዮድ ነው የሚያገለግሉት። በተቃራኒው ለልጆች መጫወቻ ተብለው የተሸጡ ባለ ሁለት ትራንዚስተር ትንንሾች አሉ፤ እነሱ ከአጠገባቸው ካለ ጣቢያ ሌላ የሚይዙት ነገር ስለሌለ ደካማ ናቸው ብለህ አትውቀሳቸው።

ስለ ሬጀንሲ ሬዲዮም ጠይቀኸኝ ነበር። ትራንዚስተሩ ራሱ የተገኘው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 1947፣ አሜሪካ ኒው ጀርሲ ውስጥ በቤል ቤተ ሙከራ ነው፤ ባርዲን፣ ብራቴይንና ሾክሊ ኖቤል ያገኙበት። ሰባት ዓመት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1954 ሬጀንሲ ቲአር 1 ወጣ፤ አራት ትራንዚስተር፣ 49 ዶላር ከ95 ሳንቲም። በዚያ ዘመን ይህ ቀላል ገንዘብ አልነበረም። የሚሠራው በ22.5 ቮልት ባትሪ ስለነበረ ዛሬ ሱቅ ገብተህ የምትገዛለት ድንጋይ የለም። ቀጥሎ ጃፓኖቹ መጡ። እነ ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1957 ያወጡት ቲአር 63 ባለ ስድስት ትራንዚስተር ነበር። ኪስ የሚገባ ተብሎ ሲነገርለት ከሸሚዝ ኪስ ትንሽ ይተልቅ ስለነበር፣ ለሻጮቹ ኪሱ የሰፋ ሸሚዝ እንዳሰፉላቸው አኪዮ ሞሪታ ራሳቸው ተርከውታል። እኔ ይህን በሰማሁ ጊዜ በጣም ስቄያለሁ፤ ነጋዴ ዕቃውን ማሳነስ ሲያቅተው ኪሱን ያሰፋል።

እነዚህን ሁለቱን አታሳድድ። በውጭ አገር ሰብሳቢው በዶላር የሚሻማባቸው ናቸው፤ የእኛ አገር ሰው በእነሱ ያዳመጠው ብዙ አይደለም። የእኛን ጆሮ ያሠለጠኑት እነዚያ ከኋላቸው የመጡት ናቸው፤ ፊሊፕሱ፣ ግሩንዲጉ፣ ናሽናሉ፣ በቆዳ ኮሮጆ ተንጠልጥሎ ገበያ የሚወርደው፣ አራት ወይም ስድስት ትልልቅ ድንጋይ የሚበላው። ልጅ ሆኜ፣ በታኅሣሥ 1953 መፈንቅለ መንግሥት ተሞከረ ሲባል፣ በእኛ ሰፈር ሬዲዮ የነበረው አንድ ቤት ብቻ ነበርና ሰው ከአጥሩ ሥር ቆሞ ነበር የሚያዳምጠው። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን መውረዳቸው ሲነገር ግን እኔ ሱቄ ውስጥ ነበርኩ፤ ድምፁ ከሻይ ቤቱም፣ ከልብስ ሰፊውም፣ ከእህል በረንዳውም እኩል መጣ። በዚያ አሥራ አራት ዓመት መካከል የሆነው ነገር ይህቺ ባለ ድንጋይ ሬዲዮ ናት። መደርደሪያህ ላይ ምን እንዳስቀመጥክ እንድታውቅ ብዬ ነው።

አሁን ወደ ጥገናው።

ወደ ቤት ስታመጣው አዲስ ድንጋይ ከትተህ ቁልፉን ቋ እንዳታደርገው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። መጀመሪያ የድንጋዩን ቤት አጽዳ። የፈሰሰው ድሮ የምናውቀው ተራው ድንጋይ ከሆነ አሲድነት አለው፤ ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጠህ በጆሮ ጥጥ ጥረገው። አልካላይን የሚሉት ከሆነ ተቃራኒው ነው፤ እሱን ሎሚ ወይም አቸቶ ይገድለዋል። ለሁሉም ሎሚ የሚያፈስ ጠጋኝ አውቃለሁ፤ ሱቁ እንደ ሰላጣ ይሸታል እንጂ ሬዲዮው አይድንም። በመጨረሻ በአልኮል ጥረግና ሌሊቱን ይድረቅ። ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍግ፣ ልባሱ ከለቀቀ በዓመቱ ይዝጋል።

ከዚያ ድንጋዩን ስትከት የትኛው ጫፍ ወዴት እንደሆነ ሦስቴ አረጋግጥ። አሮጌዎቹ የአውሮፓ ሬዲዮዎች ትራንዚስተራቸው የጀርማንየም ስለሆነ ብዙዎቹ ላይ መሬት የሚሆነው ፖዘቲቩ ነው፤ ዛሬ ከለመድከው ተገልብጦ ታገኘዋለህ። ከአዳፕተር ጋር በግምት ያገናኘ ሰው ጭስ ያያል። ቴስተርህን በመካከል አስገብተህ ስንት እንደሚበላ ለካ። ትንሽ የእጅ ሬዲዮ ድምፁ ተቀንሶ ሲቀመጥ ከ10 እስከ 20 ሚሊ አምፔር ቢወስድ ጤነኛ ነው። መቶን ካለፈ አጥፋው፤ አንድ ቦታ እየነደደ ነው።

ዝም ካለ ደግሞ አትክፈተው፣ አነጋግረው። ይህንን የተማርኩት ከጌታዬ ነው፣ ነፍሳቸውን ይማር። ካቻቢቴ ለመያዝ የፈቀዱልኝ በስድስተኛው ወር ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረው ሥራዬ ማዳመጥ ነበር። የድምፁን ቁልፍ አዙር፤ ከተንኳተተ ስፒከሩና የኋለኛው ክፍል በሕይወት አለ ማለት ነው፣ ቁልፉ ቆሽሿል እንጂ። እንደ ወፍጮ ሞተር ቱፍ ቱፍ ካለ ኮንደንሰሩ፣ አሁን እናንተ ካፓሲተር የምትሉት፣ ደርቋል። ሲሊንደር የሚመስሉት እነዚያ ውስጣቸው እርጥብ ስለሆነ በእርጅና ይደርቃሉ፤ ካሳለፉት ዕድሜ አንጻር ቢደርቁ አይፈረድባቸውም። ድምፁ ከሩቅ ጉድጓድ የሚመጣ ከመሰለም እነሱን ጠርጥር።

«ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ብቻ እንጂ ጣቢያ ከሌለውስ? ያን ጊዜ ጤነኛ ሬዲዮ ከጎረቤት ተዋስ። ይህቺ ዘዴ ምንም መሣሪያ አትጠይቅም፤ እኔ ዛሬም እወዳታለሁ። የታመመውን በመካከለኛ ሞገድ 1000 ላይ አቁመው። ጤነኛውን አጠገቡ አድርገህ ወደ 1455 ገደማ ቀስ ብለህ አዙር። የታመመው ውስጥ ያለው ማወዛወዣ እየሠራ ከሆነ፣ ጤነኛው ፉጨት ያሰማሃል፤ የታመመውን መርፌ ስታንቀሳቅስ ፉጨቱም አብሮ ይሸሻል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሬዲዮው የምትሰማውን ጣቢያ የሚይዘው ራሱ ከጣቢያው በ455 ኪሎ ኸርዝ ከፍ ያለ ሌላ ሞገድ እያመነጨ ነው፤ ያቺ ሞገድ ትንሽ ወደ ውጭ ታፈተልካለች። አፉ የተዘጋ ሬዲዮ በጎረቤቱ አፍ ይመሰክራል። ፉጨቱ ካለ ችግሩ ከዚያ ወዲህ ነው፤ ከሌለ እዚያው ነው። ግማሹን ቦርድ ሳትነካው ነጻ አወጣኸው ማለት ነው።

ከፍተህ ስታይ ቢጫ፣ ነጭ፣ ጥቁር ራስ ያላቸው አራት ማዕዘን ትንንሽ የቆርቆሮ ሳጥኖች ታገኛለህ፤ ቀይም አለ። ራሳቸው ላይ ካቻቢቴ የሚጠራ ሽንቁር አለ። አትመልስለት! የተበላሸ ሬዲዮ ያመጣልኝ ወጣት ሁሉ «እዚህች ጋ ትንሽ ጠበቅ አድርጌ ነበር» ይለኝ ነበር። እነሱ ያልጠበቁ ብሎኖች አይደሉም፣ ፋብሪካ ውስጥ በመለኪያ የተስተካከሉ ናቸው። በብረት ካቻቢቴ ከጫንካቸው ውስጣቸው ይሰነጠቃል፣ ከተሰነጠቀም አይወጣም። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ማንም ያልነካውን ነገር የበሽታው ምክንያት ነው ብለህ አትጀምር።

ትራንዚስተር መቀየር ካለብህ፣ እግሩን በፒንሳ ያዝ አድርገህ ሶልደር አድርግ፤ ሙቀቱን ፒንሳው ይቀበልልሃል። ጀርማንየም ሙቀት አይችልም። ኦሲ 44 እና ኦሲ 71 የሚል የተጻፈባቸው፣ ጥቁር ቀለም የተቀቡ የመስታወት ፍሬዎች ካገኘህ ተጠንቀቅላቸው፤ አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም። ቀለሙ ተላጠ ብለህ ደግሞ ለማሳመር አትፋቀው። ጥቁሩ ቀለም ጌጥ አይደለም፣ መጋረጃ ነው። ከተፋቀ ብርሃን ይገባና ትራንዚስተሩ አምፖሉን «መስማት» ይጀምራል፤ መብራት ሥር ስታስቀምጠው ያጉረመርማል፣ ጨለማ ውስጥ ዝም ይላል። አንድ ደንበኛዬ ሬዲዮዬ ጋኔን ገብቶበታል፣ ጸበል ላስረጨው ወይ ብሎኛል።

ሌላም ተንኮለኛ አለ፤ ከኤኤፍ 114 እስከ 117 የሚባሉት አራት እግሮች ያሏቸው። ሰውነታቸው ቆርቆሮ ነው፣ ውስጡ በቲን የተለበጠ። ከዓመታት በኋላ ከልባሱ ላይ ከፀጉር የቀጠነ ጢም ይበቅልና ውስጥ ያለውን ይነካል፤ ሬዲዮው በዚያ ይሞታል። ማንም አልበደለውም፣ እርጅና ነው። አራተኛውን፣ ከቆርቆሮው ጋር የተያያዘውን እግር ብቻ ብትቆርጠው ብዙ ጊዜ ነፍስ ይዘራል። እኔ ይህን ሳላውቅ ስንቱን ጥዬዋለሁ! ያወቅሁት ሱቁን ከዘጋሁ በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

የመርፌው ክር ከተበጠሰ ደግሞ አሮጌውን ከማውጣትህ በፊት አዟዟሩን በወረቀት ሣለው፣ ወይም በዚያ በምትወደው ስልክህ ፎቶ አንሣው። ክሩ በትልቁ ጎማ ላይ ስንት ጊዜ እንደዞረ፣ በየትኛው በኩል እንደገባ። ናይለን የዓሣ ማጥመጃ አትጠቀም፣ ይለጠጥና ይሾልካል፤ የተጎነጎነ ቀጭን ክር ይሻላል። ይህ ሥራ ትዕግሥት ይጨርሳል። እኔ ቁጣዬን ለመቆጣጠር የተማርኩት በቤተ ክርስቲያን ሳይሆን በሬዲዮ ክር ነው፤ ይቅር ይበለኝ።

ሲያበቃ በመካከለኛ ሞገድ ስታዳምጥ ድምፁ ደከመ ብለህ አትመልሰው፣ ሬዲዮውን ራሱን አዙረው። ያ ጥቁር ዘንግ አንቴናው ነው፣ በጎኑ ሲሆን ይሰማል፣ በጫፉ ሲሆን አይሰማም። ያልተገላበጠ ያራል ይባል የለ! አያትህ ሬዲዮአቸውን በየማታው ከመስኮት ወደ ምሰሶ፣ ከምሰሶ ወደ አልጋ የሚያዞሩት ዕብደት አልነበረም።

እስካሁን የነገርኩህን ከማንም ጠጋኝ ልትማረው ትችላለህ። የሚቀጥለውን ግን ከእኔ ሌላ የሚነግርህ የለም፣ ጥፋቱ የራሴ ነውና።

ዘመኑ 1974 ነው። አንዲት እናት ሱቄ መጡ፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፣ ሐዘን ላይ ናቸው። ፊሊፕስ ሬዲዮ በዳንቴል ጠቅልለው ይዘዋል። ባለቤታቸው መምህር ነበሩ፣ ባረፉ በሁለተኛው ወር ነው። «ድምፁ ተንኳተተብኝ» አሉ። በሽታው ቀላል ነበር፤ ቁልፉ ቆሽሿል፣ አንድ ኮንደንሰር ደርቋል። በግማሽ ቀን ጨረስኩት። ከዚያ ወጣትነቴ ያዘኝ። እኒህን እናት ደስ ላሰኛቸው አልኩ። የቁጥሩን መስኮት፣ ያን ፕላስቲክ፣ አየሁት፤ ተጫጭሯል። ኮልጌት ወስጄ በለስላሳ ጨርቅ እያሸሁ፣ እያጠብኩ፣ ደግሜ እያሸሁ መስታወት አደረግሁት። ቆዳውን ቀባሁት። አዲስ መሰለ። በሥራዬ ኮራሁ፤ ለዕለቱ መንገደኛ ሁሉ እንዲታይ በረንዳ ላይ አቆምኩት።

ሲመጡ ዳንቴላቸውን ዘርግተው ተቀበሉኝ፣ አመሰገኑኝ። መስኮቱን ጠጋ ብለው አዩት። ጣታቸውን በፕላስቲኩ ላይ እያስኬዱ፣ «ምልክቱስ?» አሉኝ።

«የምን ምልክት፣ እትዬ?»

ባለቤታቸው በአጭር ሞገድ መስመር ላይ በምላጭ ሁለት ጭረት አድርገው ነበር። አንዱ ለክረምት፣ አንዱ ለበጋ። የአጭር ሞገድ ጣቢያዎች በዓመት ሁለት ጊዜ ቦታ እንደሚቀይሩ የሚያውቁ ሰው ነበሩና። የጀርመን ድምፅ በአማርኛ መናገር ከጀመረበት ከ1957 ወዲህ ከዚያ ጣቢያ ተለይተው አያውቁም። እናትየው ቁጥር አያነቡም፤ መርፌውን ጭረቱ ላይ አድርገው ለባለቤታቸው ከፍተው ይጠብቁ ነበር። ባለቤታቸው ካረፉም በኋላ ማታ ማታ እዚያው ጭረት ላይ ያቆሙታል። ድምፁን ዝቅ አድርገው ነው፤ ዘመኑን ታውቀዋለህ፣ ግድግዳ ጆሮ ነበረው። እኔ ያጠፋሁት ጭረት ያ ነበር።

ጣቢያውን ፈልጌ ደግሜ ልጭርበት አልኳቸው። በእርግጥም ማታ ሱቅ አምሽቼ ጣቢያውን አገኘሁት፣ ምላጭም አነሣሁ። ግን እጄ አልሄደም። የእኔ ጭረት የመምህሩ አይሆንም። በማግስቱ እናትየው ሲመጡ ጣቢያውን በጆሮ እንዴት እንደሚያገኙ አሳየኋቸው፤ ከመግቢያው ዜማ፣ ከአጠገቡ ካለው የዓረብኛ ጣቢያ። ተማሩልኝ። ሒሳቤን አልቀበልም ብል አስገድደው ከፈሉኝ። አንድም ቃል አልተናገሩኝም። እሳቸው ቢቆጡኝ ኖሮ እስከ ዛሬ በረሳሁት ነበር።

ስለዚህ ሬዲዮ ስታጸዳ አቧራውን ብቻ አንሣ። አቧራ የማንም አይደለም። ጭረት፣ የተላጠ ቦታ፣ በሽቦ የታሰረ እጀታ፣ በሌላ ቀለም ክር የተሰፋ ኮሮጆ ግን የሰው ነው። የእጀታው ሽቦ ካስቀየመህ ለአንድ ወር እንዳለ ተጠቀምበት፤ ለምን እንደዚያ እንደታሰረ ይገባሃል። የሚያደርሰው ጉዳት ካለ፣ እንደ ድንጋይ ዝቃጭ ያለውን፣ አስወግደው። የሚያሳፍርህ ብቻ ከሆነ ተወው። ሁለቱን መለየት እስክትችል ድረስ ግን ኮልጌትህን ለጥርስህ አቆየው።

የሚጠቅምህን ሌላ በአጭሩ ልበልህ። የቀየርከውን አሮጌ ኮንደንሰር አትጣል፣ በትንሽ ላስቲክ አድርገህ ሬዲዮው ውስጥ አስቀምጥለት። በወር አንድ ጊዜ ሁሉንም አብራቸው፤ ሥራ የፈታ ኮንደንሰር ቶሎ ያረጃል። ስታጠፋ ድንጋዩን አውጣ። ድሮ የደከመ ድንጋይ ፀሐይ ላይ አስጥተን፣ አንዳንዱም በጥርስ ነክሶ፣ ሁለት ቀን እናስቀጥለው ነበር፤ ያ የችግር ዘመን ጥበብ ነው፣ አንተ አትሞክረው። የጥንቱን መስለው በቅርብ የተሠሩ፣ ጎናቸው ላይ የፍላሽ ቀዳዳ ያላቸውን ደግሞ ለመስማት ከሆነ ግዛ፣ ለመሰብሰብ ከሆነ እለፋቸው።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልምጣ፤ ይህን ሁሉ ያስወራኝ እሱ ነው። ከአሥራ አንዱ መካከል ያ ትልቁ ናሽናል፣ የድንጋይ ቤቱ ክዳን ውስጥ በእርሳስ ብዙ ቁጥር ተጽፎበታል ብለህ በአልኮል ልጥረገው ወይ ብለኸኛል። የክዳኑን ፎቶ አጉልቼ አየሁት። ቀን ነው። ድንጋይ የተቀየረበት ቀን። የመጀመሪያው 1968 ነው፣ ከዚያ በየሁለት በየሦስት ወሩ እየተከታተለ ይወርዳል። በ1969 መጋቢት ላይ ሁለት ጊዜ በአንድ ወር ተቀይሯል። በዚያ ወር ነው ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ተወርሶ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ የተባለው፤ የሬዲዮው ባለቤት ያን ሰሞን ሬዲዮውን አጥፍቶ አላደረም ማለት ይሆን? አላውቅም፣ ግምቴ ነው። 1977 ላይ ለስምንት ወር ምንም የለም። ከዚያ እንደገና ይጀምራል፣ የእጅ ጽሑፉ ግን ሌላ ነው፤ ትንንሽ፣ የተጠነቀቀ፣ የተማሪ እጅ ይመስላል። የመጨረሻው 1983 ግንቦት ነው።

አትጥረገው። አቧራውን በደረቅ ብሩሽ አራግፍ፣ አልኮል እንዳታስጠጋው።

ቅዳሜ ምናለሽ ተራ አትሂድ፣ እኔ ጋ ና። ናሽናሉን በፎጣ ጠቅልለህ፣ ድንጋዩን አውጥተህ አምጣው፤ መኪና ውስጥ ጭንህ ላይ ይሁን እንጂ ወንበር ሥር አታድርገው። ጤነኛ ሬዲዮ እኔ ጋ አለ፣ ፉጨቱን አብረን እንሰማለን። ኮንደንሰሮቹን እኔ እገዛለሁ፤ አንተ ስድስት አዲስ ድንጋይ ግዛ፣ ትልልቁን። ከተናገረልን የዕለቱን ቀን ከ1983 ሥር ትጽፍበታለህ። እርሳስ ይዘህ ና፣ እስክሪፕቶ አይደለም።